«እችላለሁ ብዬ ካሰብኩ አለማወቄ ነው ማለት ነው?»

ሰላም ለናንተ ይሁን የዓምዱ አዘጋጆች። ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ መጻፍ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ካንዛዛሁት ይቅርታ። 34 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በአካውንታንትነት 9 ዓመት ሰርቻለሁ። የፋይናንስ ኃላፊያችን ትልቅ ሴት ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ ቦታው ለውስጥ ሰራተኛ ክፍት ነው ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ማመልከቻ የሚዘጋው የፊታችን አርብ ነው። እኔ አላመለከትኩም።

ከኔ ጋር አንድ ክፍል የሚሰራ ልጅ አለ፣ ከገባ ገና 2 ዓመቱ ነው፣ እሱ ማስታወቂያው በተለጠፈ በነጋታው ሲቪውን አስገባ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን ስራው ላይ ክፍተት አለበት። ባለፈው ወር የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የኛን መዝገብ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር ማመሳከር) ሲሰራ 18,400 ብር ልዩነት መጣበትና «የባንክ ሰርቪስ ቻርጅ ይሆናል፣ እንዝጋው» አለኝ። እሺ ብዬ እሱ ከወጣ በኋላ እስከ ማታ 2 ሰዓት ቁጭ ብዬ ስፈልግ አንድ ቼክ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌራችን ላይ ሁለቴ ተመዝግቦ አገኘሁት። አስተካክዬ ፕሪንት አደረግኩት፣ ጠዋት «ተስተካክሏል» ብቻ አልኩት። ሰኞ ስብሰባ ላይ የድርጅቱ ባለቤት ሪፖርቱ በጊዜ ስለደረሰ ልጁን አመሰገኑት፣ እሱም «ችግር የለም ጋሼ፣ ቀላል ነው» አላቸው። እኔ ዝም አልኩ።

ባለቤቴ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ አመልክቺ እንጂ» ይለኛል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማውቀው ነገር ሁሉ በልምድ ብቻ የያዝኩት ነው የሚመስለኝ፣ አንድ ቀን «ይቺ እኮ ምንም አታውቅም» ብለው የሚነቁብኝ ይመስለኛል። የባንክ ብድርና የኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ጉዳይ ላይ ቀርቤ ተነጋግሬ አላውቅም። በዛ ላይ ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ደኒንግ ክሩገር ስለሚባል ነገር አየሁ፣ አውቃለሁ የሚለው የማያውቅ ሰው ነው፣ የሚያውቅማ ይጠራጠራል ይላል። ከዛ በኋላ ጭራሽ ግራ ገባኝ። እችላለሁ ብዬ ካሰብኩ አለማወቄ ነው ማለት ነው? አልችልም ብዬ ከተቀመጥኩ ደግሞ ቦታው ለሱ ሊሄድ ነው። ባዶ ጣሳ ሲጮህ እያየሁ እኔ ለምን ዝም እላለሁ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፣ መልስ የለኝም። እባካችሁ ምከሩኝ።

ግራ የገባት እህታችሁ፣ ከአዲስ አበባ


የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የስራ ማመልከቻ ጉዳይ ብቻ መሰለኝ፣ ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ እዛች ማታ 2 ሰዓት ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ ልጅሽ ቤት ትጠብቅሻለች ወይ ይጠብቅሻል፣ አንቺ የባንክ ስቴትመንቱን መስመር በመስመር እያየሽ አንድ ቼክ ትፈልጊያለሽ። ሰርቪስ ቻርጅ ነው ተብሎ ቢዘጋ ለጊዜው ማንም አይጠይቅሽም ነበር እኮ። ግን 18,400 ብር ለሰርቪስ ቻርጅ እንደሚበዛ በምን አወቅሽ? «የለም፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ» ያለሽ ምንድነው? እሱን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ቲክቶክ ላይ ያየሽውን እናጥራው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ቢሆንም የቀረው ግማሽ አንቺን የጎዳሽ ይመስለኛል። ነገሩ የመጣው በፈረንጆቹ 1999 ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሆነው ካሳተሙት ጥናት ነው። ተማሪዎችን የትኛው ቀልድ ያስቃል በሚል፣ በሎጂክና በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተኗቸው፣ ከዛ «ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትወዳደሩ የት ላይ ያላችሁ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። ከአራት ተከፍሎ የመጨረሻው ሩብ ውስጥ የወደቁት በአማካይ ከ100 ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡ ሆነው ሳለ 62ቱን እንበልጣለን ብለው ገመቱ። ዓለምን ያዞረው ወሬ ይሄ ነው። ግን ልብ በይ፣ ጎበዞቹ ራሳቸውን ሲገምቱ ከነዚህ ከፍ አድርገው ነው የገመቱት። ምንም የማያውቀው ሰው ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ አዋቂው ሸለቆ ውስጥ ሲዳክር የሚያሳየው ስዕል ጥናቱ ውስጥ የለም፣ በኋላ ሰው የጨመረበት ነው። ስለዚህ «እችላለሁ ካልክ አታውቅም» የሚል ህግ ከዛ አይወጣም፣ አንቺም በዚህ ራስሽን አትሰሪ።

እንዲያውም ሌሎች ተመራማሪዎች ጥናቱን ሲሞግቱት ከልዩነቱ የተወሰነው ከስሌቱ የመጣ ነው ይላሉ፣ ምክንያቱም ፈተና ላይ መጨረሻ የወጣ ሰው ግምቱ ቢሳሳት ወደላይ እንጂ ወደታች የሚሳሳትበት ቦታ የለውም፣ አንደኛ የወጣውም ከዛ በላይ የሚወጣበት የለውም። ሙግታቸው ውሃ የሚቋጥር ይመስለኛል። ግን ከሙግቱ ሁሉ በኋላ የማይነቃነቅ ነገር አለ፣ ሰው ስለ ችሎታው የሚሰማው ስሜት ደካማ ሚዛን መሆኑ። ሜብና ዌስት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1982 እስከዛ ድረስ የተሰሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሰው ለራሱ የሚሰጠው ነጥብና በተግባር ተለክቶ የሚያገኘው ነጥብ ምን ያህል አብሮ ይሄዳል ብለው ሲያሰሉ 0.29 አገኙ፣ ሙሉ ለሙሉ ቢገጥም 1 ይሆን ነበር፣ ጭራሽ ባይገናኝ ደግሞ 0። ይሄ ለልጁም ላንቺም እኩል ይሰራል፣ የሱ «ቀላል ነው» ለችሎታው ምስክር የማይሆነውን ያህል ያንቺም «አልችልም» ምስክር አይሆንም።

ከክሩገርና ደኒንግ ጥናት ውስጥ ሰው የማያወራለት፣ እኔ ግን አንቺን ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ ክፍል አለ። ጎበዞቹም ተሳስተዋል። ሰዋስው ላይ ከላይኛው ሩብ የነበሩት ከ100 ሰው 89 አካባቢ የሚበልጡ ሆነው ሳለ 70 አካባቢ ብቻ እንበልጣለን ነበር ያሉት። ለምን መሰለሽ? ፈተናው ስለቀለላቸው ለሌላውም እንዲሁ የቀለለ መሰላቸው፣ ራሳቸውን ሳይሆን ሌላውን ነው በትክክል ያላወቁት። ከሳምንታት በኋላ ተጠርተው የአምስት ተማሪዎች የፈተና ወረቀት አርሙ ተብሎ ሲሰጣቸው የሌላውን ስራ አይተው የራሳቸውን ግምት ከፍ አደረጉ። መጨረሻ የነበሩት ግን ያንኑ አይነት ወረቀት አርመው ምንም አልተማሩበትም፣ ምክንያቱም ስህተትን ለማየት የሚያስፈልገው እውቀትና ስህተት ላለመስራት የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም አይደል የሚባለው፣ የጎደለውን የማያውቅ ሰው እንዴት ይጨነቅበታል?

አሁን ያዢልኝ ወዳልኩሽ ልመለስ። አንቺ የሰው ወረቀት ስታርሚ ነው የኖርሽው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቼኩን ያገኘሽው «ልምድ ብቻ» ባልሽው ነገር ነው፣ ግን እሱ «ብቻ» የሚባል ነገር አይደለም። ያ «የሆነ ነገር አለ» ያለሽ ስሜት የ9 ዓመት ስቴትመንት፣ የ9 ዓመት ቫት፣ የ9 ዓመት ፔሮል ውጤት ነው። ለአንቺ ስለቀለለሽ ማንም የሚያየው መስሎሻል፣ ልጁ ግን አጠገብሽ ተቀምጦ አላየውም። ያኔ «ይሄን እኔ አየሁት፣ እሱ አላየውም» ብለሽ ለአንድ ደቂቃ እንኳን አሰብሽ? ወይስ አስተካክለሽ፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽ?

«አንድ ቀን ይነቁብኛል» ያልሽው ስሜት ደግሞ ብቻሽን የያዘሽ አይደለም፣ ዛሬ ኢምፖስተር ሲንድረም ይሉታል። በ1978 ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስቶች በትምህርትም በስራም ከተሳካላቸው ከ150 በላይ ሴቶች ጋር ከሰሩ በኋላ ነው የጻፉበት፣ ዲግሪውን ይዘው፣ ሰው መስክሮላቸው «ተሳስተው ነው የመረጡኝ» የሚሉ ሴቶች ነበሩ። ወንድም ይይዘዋል፣ ግን ስለ አርብ ሳስብ አንድ ሌላ ጥናት ልነግርሽ እፈልጋለሁ፣ እውነት ለመናገር ሳነበው ሆዴን አባብቶታል። ጆይስ ኤርሊንገርና ያው ደኒንግ በ2003 ያሳተሙት ነው። ወንድና ሴት ተማሪዎች በሳይንስ ችሎታችሁ ለራሳችሁ ከ10 ስንት ትሰጣላችሁ ሲባሉ ሴቶቹ በአማካይ 6.5፣ ወንዶቹ 7.6 ሰጡ። ከዛ ተፈተኑ። ስንት ያገኛችሁ ይመስላችኋል ሲባሉ ሴቶቹ 5.8 አሉ፣ ወንዶቹ 7.1። ያገኙት ግን 7.5 እና 7.9 ነው፣ ማለት ይቻላል እኩል። ቀጥሎ ውጤታቸውን ሳያውቁ የሳይንስ ውድድር አለ ትመዘገባላችሁ ወይ ተባሉ፣ ከወንዶቹ 71 በመቶ እሺ ሲሉ ከሴቶቹ እሺ ያሉት 49 በመቶ ናቸው። ሴቶቹን ያስቀራቸው ውጤታቸው አይደለም፣ ከፈተናው በፊት ስለራሳቸው ይዘውት የመጡት ሀሳብ ነው። አንቺስ ይሄን «አልችልም» ከየት ይዘሽው መጣሽ? ከስራ ነው? ከትምህርት ቤት? ከቤት? ብዙዎቻችን «ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኚ» እየተባልን ነው ያደግነው፣ ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ ግን ሰው ሳያመሰግን ሲቀር ምን እንደምናደርግ አልነገሩንም።

ሌላም አለ። ሰው በቀላል ነገር ከሌላው እበልጣለሁ ይላል፣ በከባድ ነገር ደግሞ ከሌላው አንሳለሁ ይላል። መኪና መንዳት ላይ ኦላ ስቬንሰን በ1981 ባሳተመው ጥናት ከጠየቃቸው አሜሪካዊያን 93 በመቶ፣ ከስዊድኖቹ 69 በመቶው በችሎታ ከግማሹ ሾፌር እበልጣለሁ ብለዋል። ያው ክሩገር ደግሞ በ1999 ባወጣው ሌላ ጥናት ቼስ መጫወት ወይም ፕሮግራም መጻፍ አይነት ከባድ ነገር ሲጠየቁ ሰዎች ራሳቸውን ከአማካዩ በታች እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ይከብደኛል ብለን እናስብና ለሌላውም እንደሚከብደው እንረሳዋለን። ብድርና ኤልሲ ላይ ገብቼ አላውቅም ብለሽ ፈራሽ፣ እሺ፣ ልጁስ ገብቶ ያውቃል?

ስለ ልጁ ካነሳን «ባዶ ጣሳ» ያልሽው ላይ ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ በንዴት እንደሆነ ይገባኛል፣ ተመስግኖ አንቺ ዝም ስትይ የተሰማሽን መገመት አያቅተኝም። ግን ቆም ብለሽ በሱ ቦታ ሆነሽ እይው። ስራውን ሰርቶ ወጣ። ጠዋት ሲመጣ «ተስተካክሏል» ተባለ። ሰኞ በባለቤቱ አንደበት ተመሰገነ። ይሄ ልጅ እንዳልቻለ በምን ይወቅ? በሱ በኩል ያለው ማስረጃ ሁሉ ጎበዝ ነህ ነው የሚለው። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ አለ፣ ሰው ፊት ለፊት ተሳስተሃል አንለውም፣ ቅር እንዳይለው ብለን ዞረን እናስተካክልለታለን፣ ከኋላው ግን እናማዋለን። ከባድ ነገር ልናገር ነው፣ በፍቅር ተቀበይኝ፣ ልጁ ራሱን እንዳያይ መስታወቱን ከሸፈኑበት አንዷ አንቺ ነሽ። በክሩገርና ደኒንግ ጥናት ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ፣ መጨረሻ ለነበሩት አጭር የሎጂክ ስልጠና ተሰጥቷቸው የራሳቸውን ፈተና መልሰው ሲያዩ ግምታቸውን ራሳቸው ዝቅ አደረጉ። ስላዋረዷቸው አይደለም፣ ስላወቁ ነው። ቼኩን ብታሳይው ልጁም ያየው ነበር ይሆናል።

እንግዲህ ምን ታድርጊ። ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስሽ መልሺ፣ ለኔ አይደለም፣ ስራውን ትፈልጊዋለሽ? ፈርቶ መቅረትና አለመፈለግ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላሉ። ልጅ አለሽ፣ ኃላፊነቱ ማታ ሊያስመሽሽ ይችላል፣ የምትወጂው ሂሳቡን እንጂ ሰው ማስተዳደሩን ላይሆን ይችላል፣ ይሄ ሁሉ በቂ ምክንያት ነው፣ በዚህ ብትቀሪ ማንም አይፈርድብሽም። ግን ፈልገሽው ፈርተሽ ከሆነ የምትቀሪው፣ ዓመት ሙሉ የሱን ሪኮንሲሌሽን ማታ ማታ እያረምሽ ለሱ ሪፖርት ስታቀርቢ ይታይሽ።

ከፈለግሽው ዛሬ ማታ ልጅሽ ሲተኛ የማስታወቂያውን ፎቶ አውጪና ወረቀት ያዢ። ማስታወቂያው በሚጠይቀው እያንዳንዱ ነገር ጎን «እችላለሁ ወይ» ብለሽ አትጻፊ፣ ያ ጥያቄ መልሶ ስሜትሽን ነው የሚጠይቀው። ይልቅ «ይሄን ለመጨረሻ ጊዜ የሰራሁት መቼ ነው፣ ማን አይቶታል» ብለሽ ጻፊ። ኦዲተሮች ሲመጡ ሰነድ የሚያቀርብላቸው ማነው? ቫት ማሳወቂያው ሲደርስ ቁጥሩ አልገጥም ሲል የሚጠራው ማነው? ኃላፊዋ ፈቃድ ሲወጡ ቢሮውን የሚይዘው ማነው? ብድርና ኤልሲ ጋ ስትደርሺ ባዶ ተይው፣ እውነተኛ ክፍተት ነው፣ አትደብቂው። ኢንተርቪው ላይ ከጠየቁሽ «እዚህ ላይ አልሰራሁም፣ ኃላፊዋ ሳይወጡ በፊት አብሬያቸው ባንክ እየሄድኩ ልማር» በያቸው። ክፍተቱን በስሙ የሚጠራ ሰው የሚፈለግበት ቦታ ነው የፋይናንስ ኃላፊነት።

ከዛ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ኃላፊዋን ቡና ጠጡልኝ በያቸው። ሲሚን ቫዚሬ የምትባል ሳይኮሎጂስት በ2010 ያሳተመችው ጥናት አለ፣ ፍርሀትንና ጭንቀትን በተመለከተ ሰው ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከጓደኞቹ ይሻላል፣ የማሰብ ችሎታን በተመለከተ ግን ጓደኞቹ ስለሱ የሚሰጡት ይሻላል። ስለዚህ መፍራትሽን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አምንሻለሁ። መቻልሽን ግን 9 ዓመት ስራሽን እያዩ የፈረሙትን ሴትዮ ጠይቂ። «ጎበዝ ነኝ ወይ» ብለሽ ግን አትጠይቂያቸው፣ ለይሉኝታ ሲሉ አዎ ነው የሚሉሽ። «እርስዎ ቦታ ላይ ብቀመጥ መጀመሪያ የሚያስቸግረኝ ምን ይመስልዎታል? ምንስ አያስቸግረኝም?» በያቸው። የሚሉሽን ሳትከራከሪ ጻፊው፣ ሲያመሰግኑሽ ደግሞ «ኧረ ምን ሰራሁና» አትበይ፣ እስኪጨርሱ ዝም ብለሽ ስሚያቸው። ማመልከቻውን ሐሙስ ከምሳ በፊት አስገቢ፣ አርብን አትጠብቂ፣ አርብ ሰው ሀሳቡን የሚቀይርበት ምክንያት አያጣም።

ቦታው ላንቺም ይሁን ለሱ፣ ልጁን ግን እንዲህ አትተይው። ሰው ፊት አይሁን፣ በንዴትም አይሁን። የዚህ ወር ስቴትመንት ሲመጣ ማታ ብቻሽን አትክፈቺው። ጠዋት ወንበር ሳቢለትና «ባለፈው ያ 18,400 ብር ሰርቪስ ቻርጅ አልነበረም፣ ና የት እንዳገኘሁት ላሳይህ» በይው።